የሚጮህ ኤሌክትሪክ ጊታር፦ የፒክአፕ ሽቦና ግራውንድ ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚስተካከል

አምፑ እንደተከፈተ፣ ገና አንድ ክር ሳይነካ፣ እምም የሚል ድምፅ የሚያሰማ ጊታር ያለው ሰው ቶሎ የሚያስበው አዲስ ፒክአፕ፣ ማለትም የክሩን ንቅናቄ ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠውን ዕቃ፣ መግዛት ነው። እኔ ግን ፒክአፑን ለጊዜው ተዉትና ግራውንዱን፣ ማለትም የጊታሩን ብረቶች ከአምፑ አካል ጋር የሚያገናኘውን መስመር፣ እዩ እላለሁ። በርካሽ ጊታሮች ላይ ያሉት ፒክአፖች ብዙውን ጊዜ ከስማቸው የተሻሉ ናቸው። ድምፃቸውን የሚያበላሸው በጥድፊያ የተሠራ ብየዳ፣ የላላ ጃክ (ኬብሉ የሚሰካበት)፣ ወይም ብሪጁ (ክሮቹ የሚያርፉበት ብረት) ጋ ሳይደርስ የቀረ አንድ ሽቦ ነው። ይህን ደግሞ ካቻቪቴ፣ መልቲሜትርና የመበየጃ ካውያ ያለው ሰው እቤቱ ቁጭ ብሎ በግማሽ ቀን ይጨርሰዋል።

ትዝታን ወይም አንቺ ሆዬን ረጋ ባለ ንጹሕ ድምፅ ለሚጫወት ሰው ጉዳዩ ይበልጥ ያስቸግራል። እዚያ ላይ በኖታና በኖታ መካከል ያለው ዝምታም ከዜማው ይቆጠራል፤ ጩኸቱም የሚገባው በዚያ ክፍተት ነው።

ምሳሌ አድርጌ የምይዘው የስትራቶካስተር ዓይነት ጊታር ነው፦ ሦስት ነጠላ ኮይል ፒክአፕ፣ አንድ ቮሊዩም፣ ሁለት ቶን፣ ባለ አምስት ቦታ ስዊች። ለጀማሪ ተብለው ከሚሸጡት ጊታሮች እጅግ ብዙዎቹ በዚህ ንድፍ የተሠሩ ናቸው። ይህ የገባው ሰው ሌላውንም ጊታር ከፍቶ ለማንበብ አይቸገርም።

ከመክፈታችሁ በፊት ጩኸቱን አድምጡ

ጩኸት ሁሉ አንድ አይደለም፤ የተለያየ ምንጭ አለው፤ መድኃኒቱም ይለያያል። ጊታሩን ሰክታችሁ ቮሊዩሙን እስከ መጨረሻ ክፈቱና ክሮቹን በመዳፋችሁ ንኩ።

ስትነኩ ጩኸቱ ከቀነሰ የክሮቹ ግራውንድ በቦታው አለ ማለት ነው። ሰውነታችን በግድግዳ ውስጥ ካለው የመብራት መስመር የሚወጣውን ረብሻ ይሰበስባል፤ ክሮቹ ግራውንድ ሲሆኑና እኛ ስንነካቸው ያ ረብሻ ወደ አምፑ ግራውንድ ይወርዳል። ስትነኩ ምንም ለውጥ ከሌለ ወደ ብሪጁ የሚሄደው ሽቦ ተቆርጧል ወይም ብየዳው ለቋል። ስትነኩ ጭራሽ ከባሰ ጃኩ ላይ ያሉት ሁለት ሽቦዎች ተገላብጠው ተበይደዋል። ይህ የመጨረሻው ስሕተት ጃኩን ራሱ የቀየረ ሰው ጊታር ላይ አዘውትሮ ይታያል።

ቀጥሎ ጊታሩን እንደያዛችሁ ቀስ እያላችሁ ዙሩ። በአንዱ አቅጣጫ በጣም ጮሆ በሌላው ከጠፋ ምንጩ መግነጢሳዊ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የአምፑ ትራንስፎርመር ወይም በአቅራቢያ ያለ ቻርጀር ነው። ነጠላ ኮይል ፒክአፕ በማግኔቶች ዙሪያ እንደ ጠጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ በሺዎች ጊዜ ተጠምጥሞ የተሠራ ነው፤ የክሩን ንቅናቄ እንደሚሰማ ሁሉ የትራንስፎርመሩንም ይሰማል። ኢትዮጵያ ውስጥ መብራቱ 50 ኸርዝ ስለሆነ ጩኸቱ 50 ኸርዝና የእሱ ብዜቶች ነው፤ አሜሪካ ያላችሁ 60 ትሰማላችሁ። ይህኛውን ጩኸት የትኛውም የግራውንድ ሥራ ፈጽሞ አያጠፋውም፤ ይህን አስቀድሞ ማወቅ ከብዙ ከንቱ ድካም ያድናል። ከምንጩ መራቅ፣ ወይም በስዊቹ ሁለተኛና አራተኛ ቦታ መጫወት ይረዳል። በብዙ ጊታሮች ላይ የመካከለኛው ፒክአፕ ጥቅልም ማግኔትም ከሁለቱ በተቃራኒ ስለሚሠራ፣ ሁለት ፒክአፕ አብረው ሲሠሩ ጩኸቱ እርስ በርሱ ይጠፋፋል።

ኬብሉን መለወጥም አትርሱ። ጊታር ከመፍታት በፊት ሌላ ኬብል መሞከር ደቂቃ አይፈጅም።

የግድግዳው ሶኬት

ተራ ጊታር ውስጥ ባትሪም መብራትም የለም፤ ስለዚህ ከአምፑ እስከተነቀለ ድረስ ሲፈታ አያስፈራም። አደጋው ሌላ ቦታ ነው። የክሮቹ ግራውንድ በኬብሉ በኩል ከአምፑ ብረት አካል ጋር ይገናኛል፤ እናንተም ክሩን ስትይዙ ከዚያ ብረት ጋር ተገናኛችሁ ማለት ነው። አምፑ የመሬት መስመር በሌለው ሶኬት ላይ ተሰክቶ ውስጡ ችግር ቢፈጠር 220 ቮልት ክሮቹ ላይ ሊመጣ ይችላል። ስኮትላንዳዊው ጊታሪስት ሌስ ሃርቪ እ.ኤ.አ. በ1972 ስዋንሲ ከተማ መድረክ ላይ ጊታሩን እንደያዘ ግራውንድ ያልሆነ ማይክ ነክቶ ሕይወቱ አልፏል።

ስለዚህ ጩኸት ይቀንሳል ብሎ የአምፕን የመሬት እግር መቁረጥ ወይም በባለ ሁለት እግር አዳፕተር ማለፍ ፈጽሞ አይደረግም። በመለማመጃ ቤትም ሆነ በአዳራሽ ክሩን ይዛችሁ ማይኩ ከንፈራችሁን ከቆነጠጣችሁ ሥራውን አቁሙና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጥሩ። የቆየ ቤት ከሆነ ሶኬቱ ሦስት ቀዳዳ ኖሮት እንኳ ከበስተጀርባው የመሬት ሽቦ ላይኖረው ይችላል፤ ይህንም ባለሙያው ያረጋግጥላችሁ።

ምን ያስፈልጋል

የመበየጃ ካውያው ከሁሉ በላይ ወሳኝ ነው። 60 ዋት የሆነ፣ ጫፉ እንደ መሮ ጠፍጠፍ ያለ ምረጡ። ትንሿ 25 ወይም 30 ዋት ባለ መርፌ ጫፍ ካውያ ለዕቃው የምትራራ ትመስላለች፤ ነገር ግን የፖት (ቮሊዩምና ቶን የሚስተካከሉበት የሚዞር ዕቃ) ጀርባ ሙቀቱን ስለሚስብባት ብየዳው እስኪቀልጥ ረጅም ጊዜ መያዝ ግድ ይሆናል፤ በዚያ ውስጥ ሙቀቱ ወደ ፖቱ ሆድ ዘልቆ ካርቦኑን ይጎዳል። ኃይለኛ ካውያ ለአጭር ጊዜ የሚነካው ነገር ይተርፋል።

ሶልደሩ ለኤሌክትሮኒክስ የሚሆን፣ ውስጡ ፍለክስ ያለበት፣ 60 እጅ ቆርቆሮና 40 እጅ እርሳስ የሆነው ይሁን፤ ውፍረቱ 1 ሚሊሜትር አካባቢ ቢሆን ይመቻል። ለቧንቧ ሥራ የሚሸጠውን አሲድ ያለበት ፓስታ አትጠቀሙ፤ ከጊዜ በኋላ መዳቡን ይበላዋል። እርሳስ ስላለበት መስኮት ክፈቱ፣ ስትጨርሱም እጃችሁን ታጠቡ።

ሽቦው ብዙ ቀጫጭን ክሮች ያሉት ተጣጣፊ ይሁን። ከኔትወርክ ኬብል የሚወጣው ደረቅ ነጠላ ሽቦ ይሠራል፣ ግን ሁለት ሦስት ጊዜ ሲታጠፍ ይሰበራል። ከዚህ ሌላ ፒንሳ፣ ሽቦ መላጫ፣ ናስትሮ፣ ትንሽ ብርጭቆ ወረቀትና መልቲሜትር በቂ ነው። መልቲሜትሩ ውድ መሆን የለበትም፤ መስመር ሲገናኝ ጢጥ የሚል ከሆነ ይበቃል።

ፖት ወይም ካፓሲተር የምትቀይሩ ከሆነ ለነጠላ ኮይል 250 ኪሎ ኦም ፖት፣ ለሃምበከር (ባለ ሁለት ኮይል ፒክአፕ) 500 ኪሎ ኦም የተለመደው ነው። ፖቱ ላይ ከቁጥሩ ጋር ኤ የሚል ፊደል ካለ የኦዲዮ፣ ቢ ካለ የሊኒየር ነው፤ ለጆሮ የሚጥመው የኦዲዮው ነው። የቶን ካፓሲተር 0.022 ማይክሮ ፋራድ ወይም 0.047 ማይክሮ ፋራድ ይሆናል፤ ላዩ ላይ 223 ወይም 473 ተብሎ ይጻፋል። በውድ ዋጋ የሚሸጡ የቆዩ ካፓሲተሮችን አትፈልጉ፤ ልኩ አንድ እስከሆነ ድረስ ተራው ፊልም ካፓሲተር ያንኑ ሥራ ይሠራል።

መፍታትና መለካት

ጊታሩን ሳትፈቱ መጀመሪያ በጃኩ በኩል ለኩ። ኬብሉን ጊታሩ ላይ ሰክታችሁ በሌላው ጫፍ የመልቲሜትሩን አንድ እግር ጫፉ ላይ፣ ሌላውን አካሉ ላይ አድርጉ፤ ቮሊዩም ሙሉ ይሁን። በስዊቹ አንደኛ፣ ሦስተኛና አምስተኛ ቦታ ላይ ብዙ ጊዜ ከ5.5 እስከ 7 ኪሎ ኦም ያነባል። በሁለተኛና በአራተኛው ቦታ ሁለት ፒክአፕ ጎን ለጎን ስለሚገናኙ የዚያ ግማሽ አካባቢ ይሆናል። በአንድ ቦታ ላይ ወደ 250 ኪሎ ኦም ቢዘል የዚያ ፒክአፕ መስመር ተቆርጧል፤ የምታነቡት የቮሊዩም ፖቱን ብቻ ነው። ዜሮ አጠገብ ከሆነ አንድ ቦታ የሲግናል ሽቦ ከግራውንድ ጋር ተነካክቷል። በየትኛውም ቦታ ላይ ምንም ካላነበበ ጃኩን ወይም ከቮሊዩም ወደ ጃክ የሚሄደውን ሽቦ ጠርጥሩ። እነዚህን ቁጥሮች ወረቀት ላይ ጻፉ፤ ሥራው ሲያልቅ ትመለሱባቸዋላችሁ።

አሁን ክሮቹን አላሉና አውጡ፣ የፒክጋርዱን (ፒክአፖቹና ፖቶቹ የተገጠሙበትን የፊት ሰሌዳ) ብሎኖች ፍቱ፣ ፒክጋርዱን ቀስ ብላችሁ ገልብጡ። ወደ ጃክና ወደ ብሪጅ የሚሄዱት ሽቦዎች ይዘው ስለሚያስቀሩት አትጎትቱት። አንድ ሽቦ እንኳ ሳትነኩ በስልካችሁ ከበርካታ አቅጣጫ ፎቶ አንሱ፤ የእያንዳንዱ ብየዳ ቦታ በግልጽ ይታይ።

የፒክአፖቹን ፊት በናስትሮ ሸፍኑ። ብርጭቆ ወረቀት ስትጠቀሙ የሚወጣው የብረት ብናኝ ማግኔቱ ላይ ከተጣበቀ ማስለቀቁ ከባድ ነው። በፒክአፑ ሆድ በኩል ቀጭኑ ሽቦ ከወፍራሙ ጋር የሚገናኝባትን ነጥብም ተጠንቀቁላት፤ እዚያ ላይ አንድ ጊዜ ከተሳበ ፒክአፑ ያበቃለታል።

የፖት ጀርባ ላይ መበየድ

ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ስለሆነ ቀስ ብለን እንሂድ።

የፖቱን ጀርባ ሽቦው በሚያርፍበት ቦታ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር በምታህል ስፋት በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉ፤ ድብዝዙ ጠፍቶ ብረቱ መብራት አለበት። ካውያው በደንብ ይጋል፤ ሙቀት የሚስተካከልበት ከሆነ 380 ዲግሪ አካባቢ። ጫፉን በእርጥብ ስፖንጅ ጥረጉና ትንሽ ሶልደር አቅምሱት። ከዚያ የጫፉን ጠፍጣፋ ገጽ ሙሉ በሙሉ ብረቱ ላይ አስተኙና ሶልደሩን ወደ ካውያው ሳይሆን ካውያው ብረቱን ወደሚነካበት ጠርዝ አቅርቡ። ሁለት ሦስት ሰከንድ ሲሆን ሶልደሩ ይርሳል፣ ይዘረጋል፣ ብረቱን ይዞ ይንሸራተታል። ክብ ሆኖ እንደ ጤዛ ከቆመ አልያዘም። በአምስት ሰከንድ ካልተዘረጋ ካውያውን አንሱ፣ ፖቱ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ፣ እንደገና ፈግፍጉ።

ሽቦውንም ለብቻው ሶልደር አልብሱት። ሁለቱም ሲዘጋጁ ሽቦውን በፖቱ ጀርባ ላይ ባለው ሶልደር ላይ አስቀምጣችሁ በካውያው ጫኑት፤ ሁለቱ ቀልጠው ሲዋሐዱ ካውያውን አንሱና ሽቦውን በፒንሳ ሳትነቀንቁ ያዙ። አትንፉበት። በራሱ የቀዘቀዘ ብየዳ ለስላሳና አንጸባራቂ ይሆናል፤ ሲቀዘቅዝ የተነቃነቀው ግን ድብዝዝና ሻካራ ነው። እንዲህ ያለው ዛሬ ይሠራል፣ በሳምንቱ ግን ጊታሩ መንተባተብ ይጀምራል።

ግራውንዱን መዘርጋት

የግራውንድ ሐሳብ ቀላል ነው፦ ጊታሩ ላይ ያለ ድምፅ የማያስተላልፍ ብረት ሁሉ በመጨረሻ ከጃኩ አካል ጋር መገናኘት አለበት። የቮሊዩም ፖቱን ጀርባ ዋና መሰብሰቢያ አድርጉት። ከእሱ ወደ መጀመሪያው ቶን ጀርባ፣ ከዚያ ወደ ሁለተኛው ቶን ጀርባ አንድ ሽቦ ይሂድ። የሦስቱም ፒክአፖች የግራውንድ ሽቦ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጥቁሩ፣ ቮሊዩሙ ጀርባ ላይ ይበየዳል። የስዊቹ የብረት አካልም በአንድ አጭር ሽቦ ይገናኝ። ፒክጋርዱ ከሥሩ ፎይል ካለው ፖቶቹን ያገናኛቸዋል፤ ነገር ግን የፖቱ ዳዶ ሲላላ ግንኙነቱ ስለሚጠፋ በፎይሉ አትተማመኑ፣ ሽቦውን ዘርጉ።

አንዳንዶች ሁሉም ግራውንድ የግድ አንድ ነጥብ ላይ መገናኘት አለበት፣ አለዚያ ሉፕ (ዞሮ የሚገጥም የግራውንድ መስመር) ይፈጠራል ይላሉ። አንድ ነጥብ ላይ መሰብሰቡ ለዓይን ያምራል፣ ብልሽት ለመፈለግም ይመቻል። ይሁን እንጂ በጊታር ሆድ ውስጥ ባለችው አጭር ርቀት ለሚሰማ ጩኸት ምክንያት የሚሆነው ሉፑ ሳይሆን የለቀቀ ብየዳ ነው። ጭንቀታችሁን እዚያ ላይ አድርጉት።

የቮሊዩም ፖቱ ሦስት እግር አለው፤ ከዳር ካሉት አንዱ ወደ ራሱ ጀርባ ታጥፎ ይበየዳል። የትኛው እንደሆነ በሥዕል ከመገመት መለካት ይሻላል። ፖቱ ገና ባዶ ሳለ ቁልፉን ወደ ግራ እስከ መጨረሻ አዙሩት፣ የመልቲሜትሩን አንድ እግር መሐከለኛው ላይ አድርጋችሁ በሌላው ሁለቱን ዳር ንኩ። ዜሮ አጠገብ ያነበበው እግር ግራውንድ የሚሆነው ነው። ተቃራኒው ዳር ድምፅ ይገባበታል፣ መሐከለኛው ድምፅ ይወጣበታል። ይህ ከተሳሳተ ቮሊዩሙ በግልባጭ ይሠራል።

ወደ ብሪጁ የሚሄደው ሽቦ ሁሉም የሚረሳው ነው። በስትራቶካስተር ላይ ከመቆጣጠሪያው ጉድጓድ በትንሽ ቀዳዳ አልፎ ጊታሩ ጀርባ ወዳለው የስፕሪንጎቹ መያዣ ብረት ይደርሳል። ያ ብረት ወፍራም ስለሆነ ሙቀት ይበላል፤ ቀለም ካለው ፈግፍጋችሁ አንሱ፣ ካውያውን ረዘም አድርጋችሁ ያዙ። እምቢ ካለ የሽቦውን ጫፍ በቀለበት ተርሚናል አድርጋችሁ ከመያዣው ብሎን ራስ ሥር ማጥበቅ ይቻላል፤ በሚገባ ይሠራል። በቴሌካስተር ላይ ሽቦው ተልጦ ከብሪጁ ሰሌዳ ሥር ተጨምቆ ይቀመጣል። በሌስ ፖል ዓይነት ጊታር ደግሞ የክሮቹ ማሰሪያ ብረት ብሎን በሚገባበት ጉድጓድ ውስጥ ያልፋል።

ሲያልቅ የምትለኩት መያዣውን ሳይሆን ክሩን ራሱን ነው፤ አንድ እግር ክሩ ላይ፣ አንድ እግር የጃኩ አካል ላይ። ከአንድ ወይም ከሁለት ኦም አይበልጥ። መያዣው ጢጥ እያለ ክሩ ዝም ካለ በመካከል ጥቁር ቀለም የተቀባ ብረት አለ ማለት ነው፤ ጥቁር ብሪጅ ያላቸው ጊታሮች ላይ ይህ ያጋጥማል። የክሩ መቀመጫ ከብሪጁ የሚገናኝበትን የማይታየውን ጎን በብርጭቆ ወረቀት ነካ ማድረግ ይፈታዋል።

ድምፅ የሚያልፍበት መንገድ

ስዊቹ ሁለት ጎን አለው፤ በእያንዳንዱ ጎን አራት እግር። ከአራቱ አንዱ የጋራው ነው፣ ሦስቱ ለሦስቱ ፒክአፖች ናቸው። ስምንቱም እግር በአንድ ረድፍ የተደረደሩበት ሳጥን መሳይ ስዊችም አለ፤ ቅደም ተከተሉ እንደ ፋብሪካው ስለሚለያይ በመልቲሜትር ፈልጉት። ስዊቹን ከቦታ ወደ ቦታ እያዘዋወራችሁ ጢጥ የሚለውን እዩ፦ በሁሉም ቦታ ከሆነ እግር ጋር የሚገናኘው የጋራው ነው።

በአንደኛው ጎን የሦስቱ ፒክአፖች የሲግናል ሽቦ በየእግራቸው ይበየዳል። የዚያ ጎን የጋራ እግር በአንድ ሽቦ ወደ ቮሊዩሙ መግቢያ እግር ይሄዳል፤ በሌላ አጭር ሽቦ ደግሞ ከሁለተኛው ጎን የጋራ እግር ጋር ይገናኛል። በሁለተኛው ጎን የኔኩ (በአንገቱ በኩል ያለው ፒክአፕ) እግር ወደ መጀመሪያው ቶን፣ የመካከለኛው እግር ወደ ሁለተኛው ቶን ይሄዳል። በጥንታዊው አሠራር የብሪጁ እግር ባዶ ይቀራል፤ ለዚህ ነው ብሪጅ ፒክአፕ ላይ ቶኑ የማይሠራው። እኔ በሁለተኛው ጎን የመካከለኛውንና የብሪጁን እግር በአጭር ሽቦ እንድታገናኙ እመክራለሁ። ያን ጊዜ ሁለተኛው ቶን ለብሪጁም ይሠራል፤ ጆሮ የሚወጋው የብሪጅ ድምፅ ይለዝባል።

ካፓሲተሩ አንድ ሲሆን ሁለቱ ቶኖች ይጋሩታል፤ አንድ እግሩ የሁለቱን ቶኖች እግሮች በሚያገናኘው ሽቦ ላይ (በጀርባቸው ባለው የግራውንድ ሽቦ ላይ ሳይሆን)፣ ሌላው ፖቱ ጀርባ ላይ ይበየዳል። ሥራው ቀጭኑን ድምፅ ወደ ግራውንድ ማፍሰስ ነው። የፊልም ካፓሲተር ፊትና ኋላ ስለሌለው በየትኛውም በኩል ይገባል።

ስትራቶካስተር እ.ኤ.አ. በ1954 ሲወጣ ስዊቹ ሦስት ቦታ ብቻ ነበረው። ተጫዋቾች በሁለት ቦታ መካከል እያቆሙት አዲስ ድምፅ አገኙ፤ የጊታሩ ሠሪ ፌንደር ባለ አምስት ቦታውን መግጠም የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1977 ነው።

ጃኩ

ጃኩ ላይ ሁለት እግር አለ። ረጅሙ ምላስ የኬብሉን ጫፍ የሚነካው ነው፤ ከቮሊዩሙ መሐከለኛ እግር የሚመጣው ሽቦ ለእሱ ነው። አካሉ ግራውንድ ነው። እግሮቹ ተደራርበው ስለሚቀመጡ በዓይን ይምታታሉ፤ ኬብል ሰክታችሁ ከሌላው ጫፍ በመልቲሜትር አረጋግጡ። ሁለቱን ሽቦዎች እርስ በርስ ጠምዝዛችሁ ውሰዱ። ምላሱ ከላላ በጣት ወደ ውስጥ ገፋ ማድረግ ብቻ ብዙ ጊዜ የሚንኮሻኮሸውን ድምፅ ያጠፋል።

ሳትዘጉ ፈትኑ

ፒክጋርዱን ሳትገጥሙ ጊታሩን ዝቅ ባለ ድምፅ አምፕ ላይ ሰኩ። በብረት ካቻቪቴ ጫፍ የእያንዳንዱን ፒክአፕ ማግኔት ነካ ነካ አድርጉ። በየቦታው የተመረጠው ፒክአፕ ጧ ጧ ማለት አለበት፤ ያልተመረጠው ቢጮህ እንኳ በጣም ደክሞ ነው። ቮሊዩምና ቶን አዙሩ። መነሻ ላይ ከጻፋችሁት ቁጥር ጋርም አመሳክሩ።

በሁለተኛው ወይም በአራተኛው ቦታ ድምፁ ቀጥኖ፣ ባስ የሌለው፣ አፍንጫ ውስጥ የሚወጣ ከመሰለ ከሁለቱ ፒክአፖች አንዱ ተገልብጦ ተበይዷል። ለማረጋገጥ መልቲሜትሩን በኪሎ ኦም ላይ አድርጋችሁ ከአንድ ፒክአፕ ሁለት ሽቦዎች ጋር አገናኙ፣ ካቻቪቴውን ማግኔቶቹ ላይ ጣል አድርጋችሁ በፍጥነት አንሱት። ሲነሣ ንባቡ ለቅጽበት ከፍ ወይም ዝቅ ይላል። መርፌ ያለው መልቲሜትር ይህን ከዲጂታሉ በተሻለ ያሳያል። ሦስቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ሊሄዱ ይገባል፤ የተለየውን ሁለት ሽቦ አቀያይሩ። ፒክአፑ የብረት ክዳን ካለው ግን፣ ለምሳሌ የቴሌካስተር ኔክ፣ ክዳኑ ከግራውንድ ሽቦው ጋር ስለተያያዘ አስቀድማችሁ ለያይታችሁ ክዳኑን በራሱ ሽቦ ግራውንድ አድርጉት። አለዚያ ክዳኑ ራሱ ጩኸት ሰብሳቢ ይሆናል።

ፎይል

የመዳብ ፎይል ጉድጓዱ ውስጥ መለጠፍ ዝዝ የሚለውን ቀጭን ረብሻ በደንብ ይቀንሳል፤ ከትራንስፎርመር የሚመጣውን ወፍራሙን እምምታ ግን አይነካውም። የፎይሉ ቁርጥራጮች ይደራረቡ፤ ማጣበቂያቸው ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ከሆነ በየመገናኛቸው አንድ ነጥብ ሶልደር አድርጉ። ፎይሉ በጉድጓዱ አፍ ላይ ትንሽ ወጣ ብሎ ከፒክጋርዱ ፎይል ጋር ይነካካ፤ አንድ ሽቦ ወደ ግራውንድ ይኑረው። የወጥ ቤት አልሙኒየም ፎይልም ይሠራል፣ ሶልደር ግን አይዝም፤ ሽቦውን በብሎንና በቀለበት ተርሚናል አጥብቁበት።

ፎይል ከተለጠፈ በኋላ ጊታሩ ድንገት ዝም ካለ መጀመሪያ የምትፈልጉት ጃኩ ጋ ነው። ኬብል ሲሰካ ረጅሙ ምላስ ወደ ውጭ ይገፋና ፎይሉን ይነካል። በዚያ ግድግዳ ላይ ናስትሮ መለጠፍ ይበቃል።

ሌሎች ጊታሮች

ሃምበከር ሁለት ኮይል ስላለው እምምታውን ራሱ ያጠፋል። አራት ቀለም ሽቦና አንድ ባዶ ሽቦ ያለው ከሆነ ቀለሙ እንደ ፋብሪካው ይለያያል። በሲሞር ደንካን ጥቁሩ ሲግናል ነው፣ ነጭና ቀይ እርስ በርስ ተገናኝተው በናስትሮ ይሸፈናሉ፣ አረንጓዴውና ባዶው ግራውንድ ናቸው። በዲማርዚዮ ቀዩ ሲግናል ነው፣ ጥቁርና ነጭ ይገናኛሉ፣ አረንጓዴውና ባዶው ግራውንድ ናቸው። የአንዱን ሥዕል ለሌላው መጠቀም ፒክአፑን ባያቃጥልም ድምፁን ይገድለዋል።

ማግኔት ያለው ፒክአፕ የተገጠመለት ኤሌክትሪክ ክራርም በዚሁ መንገድ ይሠራል፤ ክሮቹ የብረት መሆን አለባቸው፣ የሚያርፉበት ብረትም ግራውንድ ይሁን። ክሩ ናይለን ከሆነ ማግኔት አይሰማውም፤ ለእሱ የሚሆነው ንዝረትን በቀጥታ የሚሰማው የፒዞ ፒክአፕ ነው።

ባትሪ ያላቸው አክቲቭ ፒክአፖች ግን ሌላ ነገር ናቸው። አክቲቭ ፒክአፕ የሚሠራው ኢኤምጂ ለፒክአፖቹ የክሮች ግራውንድ ሽቦ እንዳይገናኝ ያዝዛል፤ ፖቶቹም 25 ኪሎ ኦም ናቸው። ጃኩ ሦስት እግር ያለው ስቴሪዮ ሲሆን፣ ሦስተኛው እግር የባትሪው ጥቁር ሽቦ የሚበየድበት ነው። ኬብል ሲሰካ ባትሪው ይበራል፣ ሲነቀል ይጠፋል፤ ስለዚህ ተጫውታችሁ ስትጨርሱ ኬብሉን ንቀሉ።